ዕጣን የዛፍ ቆሻሻ ነውን?

የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ የሳይንስ መምህራችን ጥቁር ሰሌዳውን በጠመኔ ለሁለት ከፈሉት። በአንደኛው ወገን «እንስሳት» ብለው ኩላሊት፣ ሳንባ፣ ቆዳ እያሉ ዘረዘሩ። በሌላው ወገን «ዕፀዋት» ብለው ጻፉና ወደ እኛ ዞረው፣ «ዛፍ ኩላሊት የለውም። ታዲያ ቆሻሻውን በምን ያስወግዳል?» ሲሉ ጠየቁን። ሁላችንም ዝም። መልሱን ራሳቸው ሰጡን፤ «ጥቂቱን በሚረግፈው ቅጠሉ፣ ጥቂቱን በቅርፊቱ፣ ጥቂቱን ደግሞ በሙጫ መልክ ያስወግደዋል። እናቶቻችሁ ቡና ሲያፈሉ የሚያጨሱት ዕጣን እንግዲህ የዛፍ ቆሻሻ ነው።»

ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። እኔም ይህንኑ ትኩስ ዕውቀት ይዤ ወደ ቤት ሮጥኩ። አያቴ ረከቦቱን አቅርበው፣ ፍሙን ማጨሻው ላይ አድርገው ዕጣን ሲቆነጥሩ ደረስኩና የተማርኩትን ነገርኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ። «ለእግዚአብሔር ቤት የሚታጠን ነገር ቆሻሻ ነው ያለህ ማነው?» አሉና ዕጣኑን ፍሙ ላይ ጣል አደረጉት። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

መምህሩ በጊዜው በመጻሕፍት የተጻፈውን ነው የነገሩን፤ አያቴም የኖሩበትን ነው የተናገሩት። ከሁለቱ ማን ለእውነቱ እንደቀረበ ለማወቅ ብዙ ዓመት ፈጀብኝ። የደረስኩበትን ላካፍላችሁ።

ነገሩ ከውሃ ይጀምራል። ለንደን አጠገብ በምትገኝ ቴዲንግተን በምትባል መንደር ስቲቨን ሄልስ የሚባሉ ቄስ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ ወር 1724 እኚህ ቄስ አንድ ሜትር ያህል ቁመት ያለውን የሱፍ አበባ ከነማሰሮው ወሰዱና ከአፈሩ ውሃ እንዳይተን የማሰሮውን አፍ በስስ የእርሳስ ክዳን ደፈኑት። ከዚያ ለ15 ቀናት ጧትና ማታ ይመዝኑት ጀመር። አበባው በአንድ ቀን፣ ከጧት እስከ ማታ፣ በአማካይ 20 አውንስ ውሃ ያልበው ነበር፤ ይህም ከግማሽ ሊትር ይበልጣል። በ1727 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ግዝፈት ለግዝፈት ሲተያይ የሱፍ አበባ ከሰው 17 እጥፍ እንደሚያልበው አስረዱ።

እንዲህ ያለው ላብ ለተመልካች ብክነት ይመስላል። ይሁን እንጂ ውሃውን ከሥር እስከ ጫፍ ስቦ የሚያወጣው ይኸው ትነት ነው። የአፈሩ ማዕድንም ከውሃው ጋር አብሮ ይወጣል፤ ቅጠሉም በፀሐይ አይቃጠልም። በቅጠሉ ገጽ ላይ ያሉት፣ በዓይን የማይታዩት ቀዳዳዎች ጥማት ሲጸና ይዘጋሉ። ሲዘጉ ግን ካርቦን ዳይኦክሳይድም መግቢያ ያጣል። ስለዚህ ዛፍ ዕድሜውን ሁሉ በጥማትና በረሃብ መካከል ሚዛን ሲጠብቅ ይኖራል።

ቀጥሎ የመጣው የአየር ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 17 ቀን 1771 እንግሊዛዊው ጆሴፍ ፕሪስትሊ ሻማ ነዶ በጠፋበት የታፈነ አየር ውስጥ አንዲት የናና ቀንበጥ አኖረ። በዐሥረኛው ቀን ሌላ ሻማ ቢያስገባበት ደኅና አድርጎ ነደደ። ዛፍ «የተበላሸውን» አየር ያድሳል ማለት ነው። በ1779 ደግሞ ሆላንዳዊው ሐኪም ያን ኢንገንሁዝ ይህ የሚሆነው በብርሃን ብቻ፣ በአረንጓዴው አካል ብቻ መሆኑን፣ በጨለማ ግን ዕፀዋትም እንደ እኛ አየሩን እንደሚያበላሹት አሳየ። ቅጠል ስኳር ሲሠራ ተርፎት የሚለቀው ኦክስጅን ነው። እንግዲህ ከዛፍ የሚወጣ እውነተኛ ትርፍ ካለ፣ እሱን ስንተነፍስ ነው የምንኖረው።

ለመሆኑ ዛፍ ኩላሊት ሳይኖረው እንዴት ኖረ? የእኛ ኩላሊት ከሥራው ዋናው ከፕሮቲን ፍርስራሽ የሚተርፈውን ናይትሮጅን ማጣራት ነው። ለዛፍ ግን ናይትሮጅን ብርቅ ነው። ድሃ ቤት ፍርፋሪ እንደማይጣል ሁሉ እሱም አይጥለውም፤ መልሶ ይሠራበታል። ቅጠሉን ከማርገፉ በፊት እንኳ ናይትሮጅኑንና ፎስፎረሱን አሟጦ ወደ ግንዱ ይመልሳል። ማስወጣት ያቃተውን ደግሞ በሕዋሶቹ ውስጥ ባሉ ከረጢቶች ይቆልፍበታል፤ ከሚረግፈው ቅጠል ጋርም ይሸኘዋል። በዚህስ መምህሬ አልተሳሳቱም።

ሙጫው፣ መራራው፣ መርዙና ሽታው ግን አከራካሪ ሆኖ ቆየ። ለዛፉ ዕድገት ግልጽ ጥቅም ስላልተገኘላቸው ብዙ ሊቃውንት ከቆሻሻ ቆጠሯቸው። እ.ኤ.አ. በ1888 ጀርመናዊው ኤርንስት ሽታል ቀንድ አውጣዎች አንበላም ያሉትን ቅጠል በአልኮል አጥቦ መልሶ ቢሰጣቸው በሉት። በአልኮሉ ታጥቦ የወጣው ነገር ቅጠሉን ሲጠብቅ ኖሯል። ይህ ሥራው ብዙ ሰሚ ሳያገኝ ቆየ። ነገሩ እንደገና በጉልህ የተነሣው በ1959 ነው፤ ጎትፍሪድ ፍሬንክል የተባለው የነፍሳት ተመራማሪ «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ ባወጣው ጽሑፍ፣ እነዚህ ነገሮች የተፈጠሩበት ምክንያት ነፍሳትንና ሌሎችን ጠላቶች ለመከላከል ነው ሲል ተከራከረ። አያቴ ረከቦት ላይ ያለው ቡና እንኳ ካፌይኑ ለብዙ ነፍሳት መርዝ ነው።

ዕጣንም ከዚሁ ወገን ነው። በመተማ በረሃና በትግራይ ቆላ የሚበቅለው የዕጣን ዛፍ በቅርፊቱ ውስጥ ቀጫጭን የሙጫ ቦዮች አሉት። ቅርፊቱ ሲቆስል ሙጫው ይፈስና ይደርቃል፤ ቁስሉን አሽጎ ተባይና ብስባሽ እንዳይገባበት ያደርጋል። ዕጣን ለቃሚው የሚያደርገው ዛፉን ማቁሰል ነው፤ የደረቀውን ሙጫ ይለቅምና እንደገና ያቆስለዋል፤ በአንድ በጋ ብዙ ጊዜ ይመላለስበታል። በዚያ ወቅት ዛፉ ቅጠል የለውም። ቅጠል ከሌለው ምግብ አይሠራም፤ ስለዚህ ለቁስሉ የሚያወጣው ሙጫ በክረምት ካከማቸው ስንቅ ላይ የሚቀነስ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ በኤርትራ የተደረገ ጥናት ውጤቱን በዘር አሳይቷል። ካልቆሰሉ ዛፎች ከተወሰደው ዘር ከመቶ ወደ 80 የሚሆነው ወይም የሚበልጠው ሲበቅል፣ አብዝተው ከቆሰሉት የተወሰደው ከመቶ 20 እንኳ አልሞላም። በ2019 በኢትዮጵያ፣ በኤርትራና በሱዳን ያሉትን ዛፎች የመረመረ ሌላ ጥናት፣ በአብዛኛው ሥፍራ ለዐሥርተ ዓመታት ወጣት ዛፍ እንዳልተተካ ገልጾ፣ የዕጣኑ ምርት በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ እንደሚቀንስ አስጠንቅቋል። ጥፋቱ የማቁሰል ብቻ አይደለም፤ ችግኙን ከብት ይበላዋል፣ ሰደድ እሳት ያቃጥለዋል፣ ደኑም ለእርሻ ይመነጠራል።

ከ3,500 ዓመታት ገደማ በፊት የግብጽ ንግሥት ሐትሼፕሱት መርከበኞች ከፑንት ምድር የዕጣን ዛፎችን ከነሥራቸው በቅርጫት ጭነው ሲሄዱ በቤተ መቅደሷ ግድግዳ ላይ ተቀርጿል። ሙጫው ብቻ አልበቃቸውም፤ ዛፉን ፈለጉ። እኛ ደግሞ በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል እንደሚባለው ሆነብን።

አያቴ ስለ ቅርፊትና ስለ ሙጫ ቦይ የሚያውቁት ነገር አልነበረም። መምህሬም ክፉ ሰው አልነበሩም። የሆነ ሆኖ አንድን ነገር ቆሻሻ ካልነው በኋላ ስንወስደው ውለታ የዋልን እንጂ ዕዳ የገባን አይመስለንም። የቁስል መድኃኒት ነው ካልን ግን ምን ያህል ጊዜ እናቁስል፣ መቼስ ዛፉን እናሳርፈው ብለን መጠየቃችን አይቀርም። ዛሬም ቤቴ ቡና ሲፈላ ዕጣን ይጨሳል። ድሮ እፍኝ ይደረግ የነበረውን አሁን በቁንጥር አድርጌዋለሁ።