ባለቤታቸው የሞተ ስሞች፦ በዩኒክስ ውስጥ የቀሩ ቃላት ሥርወ ታሪክ

በዩኒክስና በሊኑክስ ውስጥ የተጠቃሚዎች መዝገብ የሆነ አንድ ፋይል አለ። እያንዳንዱ ተጠቃሚ አንድ መስመር ይይዛል፤ መስመሩም በሰባት ዓምድ ይከፈላል። ዓምዶቹን የሚለየው ምልክት የእኛን የጥንት ሁለት ነጥብ ይመስላል። በአምስተኛው ዓምድ የሚጻፈው የተጠቃሚው ሙሉ ስም ነው፤ የዓምዱ መጠሪያ ግን «ጌኮስ» ይባላል። ቃሉ ከስምም ሆነ ከሰው ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።

ጌኮስ በ1960ዎቹ ጄኔራል ኤሌክትሪክ ለትልልቅ ኮምፒውተሮቹ ያዘጋጀው ስርዓተ ክወና ነበር (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዩኒክስ በ1969 በኒው ጀርሲ፣ መሪ ሂል በሚገኘው የቤል ቤተ ሙከራ ሲጀመር የድሃ ልጅ ነበር፤ ኬን ቶምሰን የጻፈበት ፒዲፒ-7 ያኔውኑ ያረጀ ማሽን ነው። አንዳንድ የሚታተም ወረቀትና ከባድ ሥራ ወደ ቤተ ሙከራው የጌኮስ ማሽን ይላክ ነበር። ያ ማሽን ደግሞ ላኪውን የሚያውቀው በመለያ ካርድ ነው። ለካርዱ የሚያስፈልገው መረጃ ማረፊያ ሲፈለግለት ከተጠቃሚው መዝገብ አንድ ዓምድ ተሰጠው። የቶምሰን የሥራ ባልደረባ ዴኒስ ሪቺ በኋላ ይህን ሲያስታውስ ዘዴው ውበት እንደጎደለው አልሸሸገም። ጄኔራል ኤሌክትሪክ በ1970 የኮምፒውተር ሥራውን ለሃኒዌል አስተላለፈ፤ ከስርዓቱ ስም እንኳ አንዲት ፊደል ተቀነሰች። ዓምዱ ግን የቀድሞውን ስም እንደያዘ ቀረ። ዛሬም በሲ ቋንቋ የተጻፈ ፕሮግራም የተጠቃሚውን ሙሉ ስም ከመዝገቡ ሲያወጣ በጌኮስ ስም ይጠራዋል።

ሰዎች በሚነጋገሩበት ቋንቋ፣ ትርጉሙ የሞተ ቃል ወይ ይረሳል ወይ ሌላ ትርጉም ይለብሳል። የስርዓተ ክወና ስም ለመኖር ትርጉም አያሻውም፤ በሕይወት የሚያቆየው መጠራቱ ነው። እልፍ ፕሮግራሞች ከነግድፈቱ ስለሚጠሩት፣ አራሚው ስሙን ባስተካከለ ቁጥር ጠሪዎቹን ይሰብራል። በዩኒክስ ፋይል የሚፈጥረው ጥሪ «መፍጠር» ከሚለው የእንግሊዝኛ ግስ የመጨረሻዋ ፊደል ተቆርጣ የተጻፈ ነው። ቶምሰን ዩኒክስን እንደገና ብትሠራው ምን ትለውጥ ነበር ሲባል፣ ያችን ፊደል እመልሳት ነበር አለ። ሰው እንደ ቀልድ ይጠቅሰዋል፤ እኔ ግን ፈጣሪው ራሱ በገዛ ሥራው ላይ ሥልጣን እንዳጣ የሚያሳይ ምስክርነት አድርጌ አነበዋለሁ።

የስሞቹ ማጠርም የራሱ ምክንያት አለው። የዘመኑ ሰዎች የሚሠሩበት ቴሌታይፕ ሞዴል 33 በሴኮንድ ከ10 ፊደል በላይ አያትምም፤ ቁልፎቹም ከባድ ናቸው። ሁለት ፊደል የሚበቃ ከሆነ ሦስተኛውን ማን ይመታል? መሣሪያው ከሙዚየም ገብቷል፤ ምህጻሩ «ቲቲዋይ» ግን ዛሬም በእያንዳንዱ ተርሚናል ውስጥ አለ።

ትርጉም በሞተበት ቦታ ደግሞ ተረት ይበቅላል። ከጀርባ ሆኖ ያለ ማንም ትእዛዝ የሚሠራ ፕሮግራም «ዴመን» ይባላል። ብዙዎች ቃሉን «የዲስክና የክንዋኔ ተቆጣጣሪ» የሚል ፍቺ ያለው የእንግሊዝኛ ሐረግ ምህጻር ነው ይላሉ። ሐረጉ ግን ቃሉ ካለ በኋላ የተሰፋለት ልብስ ነው። ቃሉ በ1963 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ በፕሮጀክት ማክ ሥራ ላይ ሲውል በቦታው የነበረው ፈርናንዶ ኮርባቶ፣ መነሻው የማክስዌል ዴመን መሆኑን ተናግሯል። ጄምስ ክለርክ ማክስዌል በ1867 ያሰበው ፍጡር በሁለት የጋዝ ክፍሎች መካከል ባለች ትንሽ በር ቆሞ ፈጣኑን ሞለኪውል ወዲህ፣ ዘገምተኛውን ወዲያ ያሳልፋል። ዴመን ብሎ የሰየመው ሎርድ ኬልቪን ነው። የኮምፒውተሩም የመጀመሪያ ዴመን ሥራው ተመሳሳይ ትጋት ነበር፤ የፋይሎችን ቅጂ በራሱ ጊዜ በቴፕ ያስቀምጥ ነበር።

ወደ አማርኛ ሲመጣ እዚህ ላይ መጠንቀቅ ይገባል። በግእዝ መጽሐፍ ቅዱስ የዴመን ምንጭ የሆነው የግሪክ ቃል ዘመዶች «አጋንንት» ተብለው ስለተተረጎሙ «ጋኔን» ማለት ይቀናል። ጥንታዊው የግሪክ ዳይሞን ግን ክፉም ደግም ሊሆን የሚችል መንፈስ ነበር። ሳይታይ የሚጠብቀው፣ ሲርቅ ጉዳት የሚመጣበት «ውቃቢ» ይበልጥ ይቀርበዋል ባይ ነኝ። በበርክሌይ የተሠራው የዩኒክስ ዝርያ፣ የቢኤስዲ ሰዎች መንሽ የያዘ ቀይ ሰይጣን ዓርማ ማድረጋቸው አልረዳም። መንሹም ቀልድ አለው፤ አዲስ ፕሮሰስ የሚወልደው የዩኒክስ ጥሪ በእንግሊዝኛ መንሽ ወይም ሹካ ማለት ነው።

«ዩኤስአር» የተባለውም ማህደር እንዲሁ ነው። «የዩኒክስ ስርዓት ሀብቶች» ምህጻር ነው የሚል ማብራሪያ በየመማሪያው ይገኛል። እውነቱ «ተጠቃሚ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል መቆረጡ ነው፤ የሪቺና የቶምሰን የግል ማህደሮች በዚያ ሥር ነበሩ። ዋናው ዲስክ ሲሞላ ትርፍ ፕሮግራሞች ወደ ተጠቃሚዎቹ ዲስክ ተሻገሩ፤ እንግዶቹ በዙና ባለቤቶቹ ቀስ በቀስ ለቀው ወጡ። በ2012 ፌዶራ 17 የተባለው የሊኑክስ ስርጭት ዋናዎቹን ትእዛዞች ጭምር ወደዚያ አዛወረ። «ተጠቃሚ» በተባለው ቤት ዛሬ የማይገኘው ተጠቃሚው ብቻ ነው።

የጌኮስ ዓምድም ባዶውን አልተቀመጠም፤ በርክሌይ ላይ በነጠላ ሰረዝ ተከፋፍሎ ስም፣ የቢሮ ቁጥርና ስልክ መያዝ ጀመረ። ስለዚህም ለዓመታት፣ በኡቡንቱ ላይ በትእዛዝ መስመር አዲስ ተጠቃሚ የሚያስገባ ሰው፣ በገዛ ቤቱ ላፕቶፑን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ የክፍል ቁጥሩን ሲጠየቅ ኖሯል። አብዛኛው ሰው «ኢንተር»ን ተጭኖ ያልፋል።