ለንደን አምቡላንሷን ያጣች ዕለት

እስከ 1992 ድረስ (ዘመኑ እንደ አውሮፓውያን ነው) የለንደን አምቡላንስ አገልግሎት በወረቀት ነበር የሚሠራው። ስልክ ተቀባዩ አድራሻውን ቅጽ ላይ ይጽፋል፤ ቅጹ መኪና ወደሚመድበው ሠራተኛ ይሄዳል። አዝጋሚ ነው፤ ግን ሁሉም ያውቀዋል።

ኦክቶበር 26 ሥራው በአንድ ጀምበር ለኮምፒውተር ተላለፈ። ያውም 81 የታወቁ ችግሮች ሳይፈቱ! ሙሉ ሥርዓቱም በእውነተኛ የሥራ ጫና አልተሞከረም።

እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላው ነው። ፕሮግራሙ የተሠራው እያንዳንዱ መኪና የት እንዳለ ሁልጊዜ በትክክል ይነገረኛል ብሎ ነው። ጸጥ ባለ ቢሮ ውስጥ ማንም ሰው ቁልፉን በቅደም ተከተል ይጫናል። ደም የሚፈሰው ሰው የተሸከመ የአምቡላንስ ሠራተኛስ? ይረሳል፣ ያሳስታል፤ ሬዲዮውም በየሰፈሩ አይሰማም። ሥልጠናውን ብዙዎች የወሰዱት ከወራት በፊት ነው፤ መኪና ላይ ያለውና ቢሮ ያለው ደግሞ ለየብቻ።

ከዚያማ ወደ አንድ አድራሻ ሁለት መኪና ይላካል፣ ሌላው ጋ አንድም አይደርስም። የዘገየበት ሰው ደጋግሞ ይደውላል፤ መስመሩ ይጨናነቃል። ማስጠንቀቂያዎች ስክሪኑን ሞልተው ሳይነበቡ ያልፋሉ። በማግስቱ በከፊል ወደ እጅ ሥራ ተመለሱ።

ኖቬምበር 4 ሌሊት ኮምፒውተሩ ጨርሶ ቆመ። ከሦስት ሳምንት በፊት አንድ ፕሮግራመር ረስቶ የተወው ኮድ ሜሞሪውን ቀስ በቀስ በልቶ ጨርሶት ነበር። እንዲህ ያለውን የአንድ ቀን ሙከራ ከየት ያገኘዋል?

ተተኪው ሥርዓት በ1996 ሥራ ጀመረ፤ ሠራተኞቹ ከዝግጅቱ አንስቶ ገብተውበት፣ ደረጃ በደረጃ።