የአይዋ 13 ሕፃናት

የሰው ልጅ እድገትና የቤተሰብ ጥናት ዛሬ በዶክትሬት ደረጃ የሚሰጥ ትምህርት ነው። ሥር ከሰደደባቸው ቦታዎች አንዷ የአሜሪካዋ አይዋ ናት። ኮራ ቡሲ ሂሊስ የተባሉ እናት፣ ለበቆሎና ለአሳማ እርባታ ምርምር የሚበጅት መንግሥት ለሕፃናት ስለምን ይሰስታል እያሉ ዓመታት ተሟገቱ። እ.ኤ.አ. በ1917 የግዛቷ ምክር ቤት 25,000 ዶላር ፈቀደና የሕፃናት ደኅንነት ምርምር ጣቢያው በአይዋ ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ።

ልቤን የሚይዘው ግን ከዚያ በኋላ የተነሣው ሙግት ነው። በ1930ዎቹ ሃሮልድ ስኪልስ የተባሉ የሥነ ልቦና ባለሙያ በዳቨንፖርት የሕፃናት ማሳደጊያ ሁለት ጨቅላ ሴት ልጆችን መረመሩ። ልጆቹ የፈዘዙ፣ የከሱ፣ ለመጫወት እንኳ አቅም ያጡ ነበሩ። ተስፋ የላቸውም ተብሎ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ሴቶች ወደሚኖሩበት ተቋም ተላኩ። ስኪልስ ከወራት በኋላ እዚያው ሲያገኟቸው ግን የነቁና የሚቦርቁ ልጆች ሆነዋል። እነዚያ ሴቶች አቅፈው፣ አጫውተው፣ እንደ ልጆቻቸው ይዘዋቸው ነበር።

ስኪልስ ይህን ሆን ብለው በ13 ሕፃናት ሞከሩት። የማሰብ ችሎታ መለኪያ ውጤታቸው በአማካይ ከ27 ነጥብ በላይ ጨመረ። በማሳደጊያው የቀሩት 12 ልጆች ውጤት በአማካይ በ26 ነጥብ ወረደ።

የስታንፎርዱ የሥነ ልቦና ባለሙያ ሉዊስ ተርማን ተቆጡ፤ ለእሳቸው የማሰብ ችሎታ ከወላጅ የሚወረስ ነበርና። ልጆቹ ጥቂት ናቸው፣ በዕጣም አልተመደቡም የሚለው ትችት እውነት አለው። ሆኖም የማሪ ስኮዳክ የዶክትሬት ሥራ ከአይዋ በኩል ቆመ። ስኮዳክ በሰው ቤት ያደጉ ልጆችን ተከታተሉ፤ ከስኪልስ ጋር በ1949 ባሳተሙት ጥናት የልጆቹ አማካይ ውጤት ከወለዷቸው እናቶች በ20 ነጥብ ያህል በልጦ ተገኘ።

ከዚህ ጥናት መታተም በፊት ግን ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጥቶ ነበር፤ ክርክሩም ለዓመታት ተዳፈነ።

በ1966 ስኪልስ የልጆቹን የጉልምስና ኑሮ አሳተሙ። 13ቱም ራሳቸውን ችለው ይኖሩ ነበር። ከ12ቱ አንዳንዶቹ ገና ከተቋም አልወጡም። በ1968 ስኪልስ የኬኔዲ ፋውንዴሽን ሽልማትን ሲቀበሉ፣ ሽልማቱን ያስረከባቸው ከ13ቱ አንዱ ነው።

ተቺዎቹ የጠየቁት ዕጣ በመጨረሻ ሩማንያ ውስጥ ወጣ። በቡካሬስት 136 የማሳደጊያ ሕፃናት ለሁለት ተከፈሉ፤ ግማሾቹ ወደ አሳዳጊ ቤተሰብ ሄዱ። ሳይንስ መጽሔት በ2007 ባወጣው ውጤት በቤተሰብ ያደጉት በልጠዋል፤ ቀድመው የገቡት ደግሞ ይበልጥ።