የካርዱ ውፍረትና የፖስታ ቤቱ ሕግ

ለእንቁጣጣሽ ወይም ለገና በእጅዎ የሠሩትን፣ አበባው ከወረቀቱ ብድግ ያለውን፣ ጥብጣብና ቁልፍ የተለጠፈበትን ካርድ በፖስታ ልከው ያውቃሉ? ልከው ከሆነ ከሁለት አንዱ ሳያጋጥምዎ አልቀረም፤ ወይ ካርዱ ተጨፍልቆ ደርሶአል፣ ወይ ተቀባዩ «ሒሳብ ጎድሏል» ተብሎ የስጦታውን ማድረሻ ከራሱ ኪስ ከፍሏል። ይህ ችግር የዛሬ ብቻ አይምሰልዎ። ካርድ ምን ያህል መወፈር እንደሚችል ሲወስን የኖረው ሠሪው ሳይሆን ፖስታ ቤት ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከ1840 በፊት በእንግሊዝ አገር የደብዳቤ ዋጋ የሚታሰበው በመንገዱ ርዝመትና በወረቀቱ ብዛት ነበር፤ ከፋዩም አብዛኛውን ጊዜ ተቀባዩ ነው። ኤንቬሎፕ ራሱ እንደ አንድ ወረቀት ስለሚቆጠር ዋጋውን እጥፍ ያደርገዋል። ስለዚህ ሰው የጻፈበትን ወረቀት አጣጥፎ፣ በሰም አሽጎ፣ በጀርባው ላይ አድራሻ ይጽፍ ነበር። በአሜሪካም ያው ነው፤ እስከ 1845 ድረስ ከ400 ማይል በላይ ለሚጓዝ አንድ ወረቀት 25 ሳንቲም፣ ለሁለት 50 ሳንቲም ይጠየቃል። እንግዲህ ሦስት አራት ወረቀት የተደራረበበትን ካርድ ማን ይልካል? ማንስ ከፍሎ ይቀበላል?

በ1840 በሮውላንድ ሂል ሐሳብ መሠረት እንግሊዝ ሕጉን ለወጠች። ከግማሽ ኦውንስ (14 ግራም ያህል) የማይበልጥ ደብዳቤ በአገር ውስጥ የትም ይሂድ የት፣ ላኪው በቅድሚያ አንድ ፔኒ ከከፈለ ይደርሳል። ወረቀቱ አንድም ይሁን አምስት፣ የሚጠየቀው ክብደቱ ሆነ። ይህን ሥርዓት ለማቋቋም የረዳው ሄንሪ ኮል በ1843 የመጀመሪያው የሚባለውን የገና ካርድ በሠዓሊው ጆን ሆርስሊ አሥሎ አንዱን በአንድ ሽልንግ ሸጠ። ያ ግን ጠፍጣፋ ካርድ ነበር፤ የኛ ጉዳይ ከባሕር ማዶ ነው።

የአሜሪካ ምክር ቤት በ1845 ወደ ሚዛኑ ተሻገረ፤ ግማሽ ኦውንስ እስከ 300 ማይል በ5 ሳንቲም፣ ከዚያ በላይ በ10። ከሁለት ዓመት በኋላ አስቴር ሀውላንድ የተባለች ወጣት ከማውንት ሆልዮክ የሴቶች ትምህርት ቤት ተመረቀች። አባቷ በማሳቹሴትስ፣ ዉስተር ከተማ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ነበረው። ከእንግሊዝ የመጣ፣ በዳንቴል ወረቀት ያጌጠ የቫለንታይን ካርድ እጇ ገባና ከዚያ የተሻለ መሥራት እንደምትችል አሰበች። ናሙናዎቿን ለነጋዴ ወንድሟ ሰጠችው። የ200 ዶላር ትእዛዝ ቢያመጣላት በቂዋ ነበር፤ እሱ ግን ከ5,000 ዶላር በላይ ይዞ ተመለሰ ይባላል። ጓደኞቿን ሰብስባ በቤታቸው ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀመጠች፤ አንዷ ትቆርጣለች፣ አንዷ መደቡን ታሰናዳለች፣ አንዷ ትለጥፋለች። (ፎርድ መኪናውን በዚሁ ዘዴ ከመገጣጠሙ ከ60 ዓመት በፊት መሆኑ ነው!)

ዋናው ጥበቧ ግን ሌላ ነው። በነጩ ዳንቴል ሥር ደማቅ ቀለም ያለው ወረቀት ታስገባለች፤ ሥዕሉን ከመደቡ ከፍ የምታደርገውም እንደ አኮርዲዮን በተጣጠፈ ቀጭን ወረቀት ነው። ይህ የወረቀት ሞላ ሲጫኑት ይተኛል፣ ሲለቁት ይነሣል፤ ክብደቱም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ፖስታ ቤት ወረቀት መቁጠሩን ባይተው ኖሮ ይህ ሥራ ገበያ ባላገኘም ነበር ብዬ አምናለሁ። አስቴር ድርጅቷን በ1880ዎቹ መጀመሪያ ለጆርጅ ዊትኒ ሸጠች፤ በ1904 አረፈች።

ታሪኩ ግን ዞሮ መጣ። ዓለምን ሚዛን ያስተማረችው እንግሊዝ ከ166 ዓመት በኋላ፣ በነሐሴ 2006፣ መጠንንና ውፍረትን በዋጋው ውስጥ አስገባች። ከ5 ሚሊ ሜትር የወፈረ ኤንቬሎፕ፣ ላባ ቢሆን እንኳ፣ እንደ ተራ ደብዳቤ አይታይም። ቴምብሩ ከጎደለም እንደ ጥንቱ ተቀባዩ ይጠየቃል። በአሜሪካ ወሰኑ ሩብ ኢንች፣ ማለት 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ከዚያ ቢያንስም ውፍረቱ ወጣ ገባ የሆነ፣ የማይተጣጠፍ ወይም አራት ጎኑ እኩል የሆነ ኤንቬሎፕ ተጨማሪ ያስከፍላል። ምክንያቱ ማሽኑ ነው፤ ደብዳቤውን በቀበቶዎች መካከል ይዞ በፍጥነት እያጎበጠ ሲያሳልፈው የተለጠፈው ቁልፍ ይነቀላል፣ ወይም ኤንቬሎፑን ይቀዳል።

ስለዚህ በቁልፍና በስፖንጅ ፈንታ የአስቴርን የታጠፈ ወረቀት ይሞክሩ። የግድ ጠንካራ ጌጥ ካለው፣ ከካርዱ ፊት መካከሉ የተቀደደ ካርቶን እንደ ክፈፍ ያስቀምጡ፤ ጫናውን ጌጡ ሳይሆን ክፈፉ ይሸከመዋል። ከዚያ በሳጥን ፖስታ ውስጥ ከመጣል ይልቅ መስኮቱ ድረስ ወስደው ያስመዝኑት። ቤትዎ ሳሉ ለመለካትም ከእህል ካርቶን ላይ አንድ ጠባብ መስመር፣ 5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው፣ ይቅደዱ፤ ኤንቬሎፑ ሳይገፉት ካለፈ ደብዳቤ ነው፣ ከተያዘ ግን ተጨማሪ ቴምብር ያዘጋጁለት።