የሚሞሪ ብክነት ምንድን ነው? በጊት ላይስ እንዴት ተስተካከለ?

ጊት የፕሮግራም ኮድ ለውጦችን የሚመዘግብ ሶፍትዌር ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ2005 ለሊኑክስ ሥራ ፈጠረው። በአብዛኛው የተጻፈው በሲ ቋንቋ በመሆኑ፣ ከኮምፒውተሩ የወሰደውን ሚሞሪ ሲጨርስ ራሱ መመለስ አለበት። ካልመለሰ የሚሞሪ ብክነት ይፈጠራል።

የጊት ትዕዛዞች በአፍታ ስለሚጠናቀቁና ያልተመለሰውን ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ስለሚረከብ ችግሩ ለዓመታት ብዙም አላሳሰበም። ሳያቋርጥ በሚሠራ ፕሮግራም ውስጥ ግን ጥቂቱ ብክነት ተጠራቅሞ ሰርቨር ሊያቆም ይችላል።

ባለሙያዎች ሊክ ሳኒታይዘር በተባለ መሣሪያ ሙከራዎቹን ፈተሹ፤ ብክነት የተገኘበት ሙከራ እንደወደቀ ተቆጠረ። ስህተቶቹ አንድ በአንድ ታርመው፣ በጥር 2025 የወጣው ጊት 2.48 የሙከራ ስብስቡን ያለ ብክነት አለፈ። መሣሪያው የሚያየው ግን በሙከራው የተነካውን ኮድ ብቻ ነው።