አጣጥ፦ ከእኛ ቁጥቋጦ እስከ ጡት ካንሰር መድኃኒት

አጣጥን የማያውቅ ደገኛ ያለ አይመስለኝም። ቁጥቋጦ ነው፤ ብዙ ዘመዶችም አሉት። በ1960ዎቹ መጀመሪያ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) አሜሪካኖች ለካንሰር የሚሆን ዕፅ ፍለጋ ዓለምን ሲያስሱ ከኢትዮጵያ የወሰዱት ናሙና ከእነዚህ ዘመዶች የአንዱ ነበር። በ1972 ሞሪስ ኩፕቻን የተባለ ኬሚስት ከዚሁ ዕፅ ሜይታንሲን የሚባለውን ንጥረ ነገር አወጣ።

ጊዜው ሐኪሞች መድኃኒት ማቀናጀት የያዙበት ነበር። ካንሰር አንዱን መድኃኒት ቢለምድ ሌላው በሌላ መንገድ እንዲመታው ነው ነገሩ። በ1969 ሪቻርድ ኩፐር ለተሰራጨ የጡት ካንሰር አምስት መድኃኒቶችን አንድ ላይ መስጠቱን አስታወቀ። በ1976 ደግሞ ጣሊያናዊው ጂያኒ ቦናዶና ከቀዶ ጥገና በኋላ ሦስት መድኃኒት አቀናጅቶ መስጠት በሽታው እንዳይመለስ እንደሚረዳ አሳየ።

የእኛው ሜይታንሲን ግን ለማንም አልተመቸም። የካንሰር ሕዋስ እንዳይከፋፈል አጥብቆ ያግዳል፤ ችግሩ ጤነኛውንም አይምርም። በ1970ዎቹና በ80ዎቹ መጀመሪያ ሰው ላይ ሲሞከር ሆድና ነርቭ እየጎዳ አስቸገረ፤ ተተወ። (በሕክምና ታሪክ እንዲህ ተጥሎ የቀረው ስንት ይሆን?)

ያዳነው ማጣመር ነው፤ ያውም የተለየ ዓይነት ማጣመር። ሄር-2 የሚባለው ፕሮቲን የበዛበትን የካንሰር ሕዋስ ለይቶ የሚይዝ ትራስቱዙማብ የሚባል መድኃኒት በ1998 አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዶ ነበር። ተመራማሪዎች የሜይታንሲንን ዝርያ በዚህ መድኃኒት ላይ አሰሩት፤ መርዙ በአብዛኛው የሚፈታው ሕዋሱ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። በ991 ሕሙማን ላይ በተደረገ ጥናት መካከለኛው ዕድሜ በሌላ የሁለት መድኃኒት ቅንጅት 25.1 ወር ሲሆን በዚህኛው 30.9 ወር ደረሰ። በ2013 ካድሳይላ ተብሎ ለተሰራጨ የጡት ካንሰር ተፈቀደ። ዛሬ የሚበልጠው መጥቷል።

ታዲያ የአገሪቱ ድርሻስ? የብዝሃ ሕይወት ስምምነት የመጣው በ1992፣ የራሳችን አዋጅ ቁጥር 482 በ2006፤ ናሙናው ከሄደ አርባ ዓመት አልፎት። ደግሞ እውነቱን እንናገር፤ ንጥረ ነገሩ አሁን የሚመረተው ከባክቴሪያ ነው፣ ቁጥቋጦውን የሚፈልገው የለም። በሕግ ተከራክሮ የሚገኝ ነገር አይታየኝም። ቢያንስ ዋጋው ሲነሳ ግን ታሪኩ ሊነሳ ይገባል ባይ ነኝ።

በእኛ ሆስፒታሎች የተለመደው የቆየው ቅንጅት ነው፦ ዶክሶሩቢሲንና ሳይክሎፎስፋማይድ፣ ቀጥሎ ፓክሊታክሰል፣ ብዙ ጊዜ በየሦስት ሳምንቱ አንድ ዙር። ከሙዱላ የተነሳች እናት ለእያንዳንዱ ዙር ሐዋሳ ወይም ጥቁር አንበሳ ድረስ በአውቶቡስ ትሄዳለች፤ ትመለሳለች።