አማካይ የደም ግፊት፦ ማደንዘዣ የተሰጠው ውሻ ደሙ በቂ ይገፋል?

ደብረ ብርሃን ላይ አንዲት ውሻ እንዳትወልድ ቀዶ ሕክምና ሊደረግላት ማደንዘዣ ተሰጥቷት ተኝታለች እንበል። ትተነፍሳለች፣ ድዷ አልገረጣም። ሐኪሙ ጭኗን ከውስጥ በኩል ሲዳስስ የደም ሥሯ ትርታ ጠንከር ብሎ ይሰማዋል። ሁሉ ደህና ይመስላል፤ ኩላሊቷ ግን በቂ ደም ላያገኝ ይችላል። ይህን የሚያጋልጠው ቁጥር «ሚን አርቴሪያል ፕሬዠር» ይባላል። በአማርኛ «አማካይ የደም ግፊት» ማለት ይቻላል።

ሰው ግፊቱን ሲለካ «120 በ80» ይባላል። የላይኛው ቁጥር ልብ ስትኮማተር፣ የታችኛው ስትላላ ያለው ግፊት ነው። አማካዩ ግን የሁለቱ ድምር ግማሽ አይደለም። ልብ ከምትኮማተርበት ይልቅ የምትላላበት ጊዜ ስለሚረዝም ስሌቱ ወደ ታችኛው ያደላል፤ የሁለቱ ልዩነት ሲሶ በታችኛው ላይ ይደመራል። ለምሳሌ ውሻዋ 90 በ45 ብትሆን ልዩነቱ 45፣ ሲሶው 15፣ አማካዩ 60 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ነው።

ይህ 60 የእንስሳት ሐኪሞች የማስጠንቀቂያ መስመር ነው። ከዚያ በታች ሲወርድ አንጎልና ኩላሊት የሚደርሳቸውን ደም ራሳቸው የማመጣጠን አቅማቸው ይዳከማል።

ጣት የሚያታልለውም እዚህ ላይ ነው። በጣት የሚሰማው የትርታ ጉልበት አማካዩን ሳይሆን የላይኛውንና የታችኛውን ልዩነት ያሳያል። ግፊቱ 80 በ20 የሆነ ውሻ ትርታው ጎላ ብሎ ይሰማል፤ አማካዩ ግን 40 ብቻ ነው። 100 በ70 የሆነው ትርታው ደከም ይላል፤ አማካዩ 80 ነው።

ስለዚህ መለካት ያስፈልጋል። አየር የሚሞላው የግፊት መለኪያ ካፍ በውሻው እግር ወይም ጅራት ላይ ይታሰራል። የካፉ ወርድ የእግሩን ዙሪያ 40 በመቶ ያህል መሆን አለበት፤ ዙሪያው 10 ሳንቲሜትር ከሆነ ወርዱ 4። ከዚያ ከጠበበ ግፊቱን ካለው በላይ አድርጎ ያሳያል፤ ከሰፋ ያሳንሰዋል። ካፉ ከልብ ትይዩ 10 ሳንቲሜትር ዝቅ ካለም ንባቡ ላይ ከ7 እስከ 8 ይጨመራል። በድምፅ ሞገድ የሚሠራው ዶፕለር በዋናነት የላይኛውን ቁጥር ይሰጣል፤ ካፉን ራሱ እየነፋ የሚያስተነፍሰው አውቶማቲክ መሣሪያ ግን አማካዩንም ያሳያል።

ደጋው የራሱ ጣጣ አለው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር ታልፋለች። ንባቡ ከአካባቢው አየር ግፊት በላይ ያለውን ብቻ ስለሚቆጥር አንኮበር አፋፍ ላይም ሆነ ከግርጌው ባለው የአፋር ቆላ የ60ው ትርጉም አይለወጥም። በደብረ ብርሃን ከፍታ ግን በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ከባሕር ዳርቻው በ30 በመቶ ገደማ ያንሳል። በደሙ ያለው ኦክስጅን ሲያንስ የግፊቱ መውረድ ይበልጥ ይጎዳል። ብርዱም አለ፦ የተኛ ውሻ ሙቀቱን ቶሎ ያጣል፣ የእግሩ ደም ሥሮች ይጠብባሉ፣ መሣሪያውም ትርታውን ለማግኘት ይቸገራል።

ከ3,200 ሜትር በላይ በሚገኘው የመንዝ ጓሳ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ የውሻ የቅርብ ዘመድ ነው። ለምርምር ወይም ለሕክምና ማደንዘዣ ሲሰጠው ይኸው ጥንቃቄ እሱንም ይመለከተዋል።

ግፊቱ ከ60 ሲወርድ ሐኪሙ መጀመሪያ የማደንዘዣውን ጋዝ ይቀንሳል፤ እንደ አይሶፍሉሬን ያለው ጋዝ በበዛ ቁጥር ደም ሥሮችን ያላላልና። ቀጥሎ በደም ሥር ፈሳሽ ይሰጣል፤ የልብ ምቱ ከዘገየ አትሮፒን ይጨምራል። ዛይላዚን የተባለው ማረጋጊያ ለተሰጠው ውሻ ግን አትሮፒን መጨመር ልዩ ጥንቃቄ ይሻል፤ መድኃኒቱ መጀመሪያ ግፊቱን ከፍ አድርጎ የልብ ምትን ያዘገያል፣ ግፊቱ የሚወርደው ቆይቶ ነው።

ውሻዎን ለቀዶ ሕክምና የሚወስዱ ከሆነ አስቀድመው ሐኪሙን ይጠይቁ፦ ግፊቱ በምን ይለካል? በየስንት ደቂቃው? ከ60 ቢወርድስ ምን ይደረጋል?